ፋይሉ መቼ ተወለደ?

ነገሩ የተነሳው ወልቂጤ ከተማ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ መስቀል ተበልቶ፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የገባው ሰው ወደየሱቁ የተመለሰበት ሰሞን። እኔ የቀረሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ ግን «ኮምፒዩተር ያውቃል» ተብዬ ተጠራሁ። መቼም በኛ አገር ኮምፒዩተር ያውቃል የተባለ ሰው ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ፍሪጅ ያያል፣ ሲብስም ያስታርቃል።

ጉዳዩ የውርስ ነው። አንድ ሰው ሐምሌ 2000 ዓ.ም. ላይ አርፏል። ታናሽ ወንድሙ በእጁ አንድ ገጽ ውል ይዟል፤ ሟች ከግቢያቸው ጓሮ እንሰት ያለበትን ቁራሽ መሬት ለወንድሜ ለቅቄያለሁ ይላል። ፊርማ አለው፣ የሦስት ምስክር ስም አለው፣ ቀኑም የካቲት 14 ቀን 2000 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል። የሟች ባለቤት ደግሞ «ባሌ ግንቦት ላይ ተኛ፤ ይህ ወረቀት የተጻፈው ከተኛ በኋላ፣ አእምሮው ሳይከተለው ነው፤ ቀኑን ወደ ኋላ ጎትተው አስጻፉት» አለች። ሽማግሎች ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ልጃቸው ኮሌጅ የሚማር፣ «ማሽኑ ቀን ይይዛል አሉ፤ ለምን እሱን አንጠይቀውም?» አሉ። በዚህ ምክንያት ሁላችንም ተግተልትለን የተጻፈበት ቤት ሄድን።

ጸሐፊዋ ልጅ ፋይሉን ፈልጋ አገኘችው። ቀኑን ስናይ ጃንዋሪ 1፣ 1980 ይላል።

«በ1980ማ ሟች ገና ከውትድርና አልተመለሰም!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። እኔ ነገሩን ላብራራ ብዬ «አባቴ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ነው፤ በኛ 1972 ታኅሣሥ 22 ማለት ነው» ብላቸው፣ «ያማ ባሰ!» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒዩተር ቀን ከየት እንደሚያመጣ ትንሽ ማውራት ግድ ነው። ማሽኑ ፀሐይ አያይም፣ ዶሮ አይሰማም። በሆዱ ውስጥ የሳንቲም ያህል ጠፍጣፋ ባትሪ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ማሽኑ ዘመኑን ይረሳል፤ ሲበራም ከመነሻው ይጀምራል። የዚያ ቤት ማሽን ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው ከዶስ ዘመን በወረሰው ስልት ነበር፤ ይህ ስልት ዓመትን የሚቆጥረው ከ1980 ጀምሮ ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረ ዓለም አይታየውም። አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተር ለገበያ ያወጣው በፈረንጆች ነሐሴ 1981 ስለሆነ፣ ፋይሉ ከማሽኑ ዘር ማንዘር በፊት ተወልዶ ተገኘ ማለት ነው።

ልጅቷ ባትሪው የሞተው «ለፋሲካ ሰሞን» እንደሆነ ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በየጠዋቱ ሲበራ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይነቃል። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ «1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» የሚል ምልክት ካለው፣ የምንረዳው ነገር ማሽኑ ከበራ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በኋላ መቀመጡን ብቻ ነው። በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ወር? አይናገርም። ቀን ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ዘመን እንደገና ይጀመራል። ወልቂጤ በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ 1980 እንደገባች ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

ሌሎቹም ማሽኖች ቢሆኑ መነሻቸው የሰው ምርጫ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት ዩኒክስ፣ ከእሱም የወረሱት ሁሉ፣ ቀንና ወር የሚባል ነገር አያስቀምጡም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪኒች ሰዓት፣ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚቆጥሩት። በኛ ሲመነዘር ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ጃንዋሪም ታኅሣሥም ያ የሰከንድ ቁጥር ለሰው ዓይን ሲቀርብ የሚለብሰው ልብስ ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት በሚያዝባቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ማብቂያ አለው፤ 2,147,483,647 ሲደርስ ይሞላል። ይህ የሚሆንበትን ቀን አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ወደ ኛ አቆጣጠር መለስኩትና ሳቄ መጣ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ! ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው፣ ካህናቱ ውሃውን ሊባርኩ በሚሉበት ሰዓት ማለት ነው። ያልታደሰ ማሽን በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ዞሮ ታኅሣሥ 1894 ይገባል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሽማግሎቹ ተስፋ ስላልቆረጡ፣ ላፕቶፔን አምጥቼ ሃያ መስመር የማትሞላ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ማህደሩ ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ በየተራ ታነሳና ቀኑን ጠይቃ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ትመልሳለች፤ የማይመስለውን ደግሞ ለብቻ ትለያለች። ከማሽኑ ግዢ በፊት የተጻፈ፣ ገና ባልመጣ ቀን የተጻፈ፣ ከመፈጠሩ በፊት የታረመ ካለ «እዚህ ጋ ተመልከት» ትላለች።

መመለሱ ራሱ ቀላል አይደለም። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም 8 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ 7 ዓመት መቀነስ አለ፤ አዲስ ዓመታችን አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ወደ 12 ይገፋል። የ6 ሰዓቱም ልዩነት አለ። ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት የማን ነው? ፈረንጁ ቀኑን 6 ሰዓት ላይ በቢላ ቆርጦታል፤ እኛ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብለን ለሁለቱም አካፍለን እናልፋለን፤ ስክሪፕት ግን ማካፈል አይገባውም። ደግነቱ ሰው ቀድሞኝ ለፍቶበታል። ዳንኤል ያዕቆብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለፐርል ቋንቋ ጽፎ በነፃ ለቆት ስለነበር፣ የኔን ስሌት ከእሱ ጋር አስተያየሁ።

እያንዳንዱ ፋይል አንድ ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። የተፈጠረበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበትና የተከፈተበት ለየብቻ ይያዛሉ። ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ የታረመበት ቀን እንዳለ ይሄዳል፤ የተፈጠረበት ግን የተገለበጠበት ቀን ይሆናል። ስለዚህ ልጅ ከልደቱ በፊት ትምህርት ቤት ገብቶ ታገኙታላችሁ።

ስክሪፕቷ ሮጣ ጨረሰች። ውጤቱን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። በማህደሩ ውስጥ ያለው ፋይል በሙሉ የተፈጠረው በአንድ ቀን፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። ልጅቷን ጠየቅኳት። «ቫይረስ በልቶት ባለሙያ ፎርማት አድርጎት ነበር፤ ሰዓቱንም በእጁ ሞላው፣ ፋይሎቹን ከፍላሽ መለሰልን» አለች። ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ጀምበር ተጠምቀዋል ማለት ነው። የተፈጠረበት ቀን በዚህ ጠፋ።

የቀረው የታረመበት ቀን ነው፤ እሱም 1980። የሟች ባለቤት ወንድም ፈጥኖ ገባው። «ባትሪው የሞተው ለፋሲካ ከሆነ፣ 1980 የሚለው ሁሉ ከፋሲካ በኋላ የተጻፈ ነው። የካቲት ውሸት ነው!» አለ። አነጋገሩ ውሃ አይቋጥርም የሚባል አይደለም፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «ሰኔ ላይ ተጨማሪ ኮፒ ፈልገው መጥተው አትሜላቸዋለሁ። ሲዘጋ ‹ላስቀምጠው?› ይላል፤ እኔ ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው» አለች። ያቺ «እሺ» የየካቲቱን ቀን፣ ኖሮ ከነበረ፣ ደምስሳዋለች። ካልነበረም መኖሩን አስመስላዋለች። ማሽኑ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው።

ከዚያ ቤት ስወጣ ያሰብኩት ስለ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ከጉራጌ ተራሮች ማዶ ስላለችው ቡታጅራ ነበር። ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። በአገራችን የቀን ታሪክ ውስጥ ግን ስሟ ከዚያ በፊት ገብቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና መምህራን ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በፈረንጆች 1986 በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ቆጠራ አካሄዱ፤ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮም የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት የሚባለውን ክትትል ተያያዙት። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ነበሩ። 9 የገበሬ ማኅበራትና 1 የከተማ ቀበሌ ተመረጡ፤ ሲጀመር ሕዝቡ 28 ሺህ ገደማ ነበር። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ይመዘግባሉ። ሥራው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል። አንድ የገጠር ኢትዮጵያዊ መወለዱና መሞቱ ከነቀኑ፣ ሳይቋረጥ የተጻፈባቸው ቦታዎች በዚያ ዘመን ከጣት ቁጥር ያነሱ ነበሩ፤ ቡታጅራ ቀዳሚዋ ናት ቢባል የሚከራከር የሚኖር አይመስለኝም።

ቀኑ ለምን ይህን ያህል አስጨነቃቸው? ሕፃን በ27 ቀኑ ቢሞትና በ31 ቀኑ ቢሞት ለእናቱ ሐዘኑ አንድ ነው። ለመዝገቡ ግን አንድ አይደለም። ከ28 ቀን በፊት የሞተ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ሄደ ተብሎ ይመረመራል፤ አዋላጅ፣ እትብት መቁረጫ፣ ብርድ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የሞተ ወደ ሳንባ ምችና ተቅማጥ ያዘነብላል። አራት ቀን ከተሳሳተ መድኃኒቱ ወደ ተሳሳተ በር ይላካል።

ታዲያ እናትዮዋ ስትጠየቅ «ጃንዋሪ 9» አትልም። «ለመስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው» ትላለች። «መንደር ምሥረታ ሲመጣ የዳዴ ልጅ ነበረ» ትላለች። ቡታጅራና አካባቢዋ ሙስሊሙ የበዛበት አገር ስለሆነ «በአረፋ ማግስት» የሚለው መልስ ይበዛል። መስቀል ከመስከረም አይነቃነቅም። አረፋ ግን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስለዚህ የየትኛው ዓመት አረፋ እንደሆነ ካልተጠየቀ ክረምቱ በጋ ይሆናል። በፈረንጆች 2006 ብቻ አረፋ ሁለት ጊዜ ውሏል፤ አንዴ በጃንዋሪ፣ አንዴ በዲሴምበር መጨረሻ። በኛ አንዱ ጥር 1998፣ ሌላው ታኅሣሥ 1999 ላይ ነው። «በ2006 አረፋ» ብሎ የጻፈ መዝጋቢ ካለ፣ ያንን ልጅ በአንድ ዓመት አሳድጎታል ወይም አሳንሶታል።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ደግሞ ያው የኔ ሃያ መስመር ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ሳይወለድ የሞተ አለ? ከልጇ በ9 ዓመት ብቻ የምትበልጥ እናት አለች? ፎርሙ ከተሞላ በኋላ የተፈጸመ ልደት አለ? እዚህ ላይ ጳጉሜን የምትባል ጣጣ አለች። ከ12 ወር ሌላ የማያውቅ ፕሮግራም «ወር 13»ን ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል፤ የደከመው ጸሐፊም ልጁን ወደ ነሐሴ 30 ይገፋዋል፣ አለዚያም ወደ መስከረም 1 ያሻግረዋል። እንዲህ እየሆነ ስንቱ የጳጉሜን ልጅ የአዲስ ዓመት ልጅ እንደሆነ ቤቱ ይቁጠረው።

ይሄ የቡታጅራ ብቻ ችግር አይደለም። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተካሄዱት አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መረጃቸው የተቀመጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በእነዚህ ጥናቶች ጊዜ የሚለካው በወር ተቆጥሮ ስለሆነ፣ ወደ ፈረንጁ ለመመለስ 92 ወር መጨመር ያስፈልጋል፤ 7 ዓመት ከ8 ወር ማለት ነው። ይህን ያላነበበ የውጭ ተመራማሪ የኢትዮጵያን ፋይል ከኬንያው ጎን አድርጎ ሲያስተያይ፣ በ1997 የተወለደውን የኛን ልጅ ከኬንያው የ1997 ልጅ ጋር ያጣምደዋል። አንዱ ገና አንደኛ ክፍል ሳይገባ ሌላው አልፎታል።

ቀኑ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ጃንዋሪ 1 መግባቱ የወልቂጤው ማሽን አመል ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የሰውም ነው። በስደት አሜሪካ የገቡ ወገኖቻችን ሰነድ ላይ «ጃንዋሪ 1» የተወለዱ ስንት ናቸው! ልደቱን በትክክል መናገር ላልቻለ ስደተኛ የመዝጋቢው እጅ የምትሞላው ያችኑ ቀን ነው። ባትሪው የሞተ ማሽንና የልደት ወረቀት የሌለው ሰው አንድ ልደት ይጋራሉ። የማሽኑ ባትሪ በጥቂት ብር ይገዛል፤ የሰውየው ግን ጡረታ የሚወጣበትን ቀን ሳይቀር ይዞበት ይኖራል።

ወረቀቱ የጠፋው ሕግ ስላልነበረ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጓል። ያው ሕግ ግን ከመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ በአንዱ፣ በ3361፣ ስለ መዝገቡ የተጻፈው የሚጸናው በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ ሲነገር ነው አለ። ያ ቀን ሳይነገር ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግም መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ቀን ስለመመዝገብ የተጻፈ ሕግ የራሱን ቀን 56 ዓመት ጠበቀ። በዚህ መካከል የተወለድን ሁሉ ዕድሜያችን ወይ ከክርስትና ወረቀት፣ ወይ ከሆስፒታል ካርድ፣ አለዚያም ከእናታችን አፍ የተቀዳ ነው።

የወልቂጤው ሽምግልና በማግሥቱ ቀጠለ። እኔ ስክሪፕቷ ያገኘችውን ነገርኳቸው፤ «ማሽኑ አያውቅም» ማለት እንደሆነ ሲገባቸው ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም የተገላገሉ መሰሉ። ከምስክሮቹ አንዱን፣ ከገጠር የመጡ ሰው ናቸው፣ አስቀርበው ስለ ቀኑ ምንም ሳያነሱ «የፈረምክ ዕለት በየት በኩል መጣህ?» አሏቸው። ሰውየውም ሳያመነቱ «በወንዙ ነዋ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ተሻገርኩ» አሉ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያ ወንዝ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ሱሪ ተሰብስቦ የሚታለፍ ወንዝ አይደለም፤ ድልድዩ ጋ ዞሮ መምጣት ግድ ነው። የሟች ባለቤት ግን «ግንቦትም ውሃ የለው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ያ ዓመት በልጉ የዘገየበት ነበር።

አንዱ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞረው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ቤት ሲገቡ እግር አላጠብሽላቸውም?» አሏት። ዝም አለች። ቆይታ «አጥቤያለሁ» አለች። «እግራቸው አቧራ ነበር። ቡና አፍልቼ፣ እሱ ነው ተነስቶ ስኒውን የሰጣቸው። ከፈረሙ በኋላ እስከ በር ሸኝቷቸዋል።» ግንቦት ላይ የተኛ ሰው እስከ በር አይሸኝም። ይህን ስትናገር ማንም ቀና ብሎ አላያትም። መሬቱ ለታናሽ ወንድሙ ጸና፤ እሱ ደግሞ ከእንሰቱ ግማሹን እሷ በሕይወት እስካለች እንድትፍቅ ፈቀደ። ፈቃዱ በዚያው ቤት ተጻፈ፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተሞላ።

ከወልቂጤ በወጣሁበት ቀን ለልጅቷ ያቺን ጠፍጣፋ ባትሪ ገዝቼ አስገባሁላት። ማሽኑ በራ፤ ሰዓትና ቀን ሙላ አለ። በግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ጎረቤት ያለው ኮፒ ቤት የራሱን በኢትዮጵያ ሞልቶ፣ ዓመቱንም 2001 ብሎ አስቀምጦታል፤ የእሱን ፋይሎች ለሚያይ ሰው ሁሉም ከ7 ዓመት በፊት የተጻፉ ይመስላሉ። ልጅቷ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አድርጋ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ በኛ ልሙላው ወይስ በፈረንጅ?»